ብረት ናይትሮጅን ሲጠጣ
(በሞተራችን ጉዳይ ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ መሆኑን እናስታውቃለን። ይኸውም በናንተ መዋጮ የተገዛው የኤሌክትሪክ ጭነት ባጃጅ ሞተር ጉዳይ ነው። በየቡናውና በየለቅሶ ቤቱ «ጸሐፊው ፈረመ፤ ሞተሩ ሞተ» ሲባል ሰምተናል። አዎን፣ ፈርመናል። ፊርማው የኛ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን በቅርቡ ሁለተኛ ወረቀት ቀርቦልን አንፈርምም ስላልን፣ እምቢ ያልንበትን ምክንያት ለጉባኤው ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

እኛ በትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍንም። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ኖረን ጡረታ የወጣን ሰው ነን። ስለዚህ ስለ ማግኔት ስናወራ የሊቅ ንግግር እንዳይመስላችሁ። ያልገባንን ጠይቀን፣ የተነገረንን በደብተር ጽፈን፣ ማታ አንብበን፣ በማግሥቱ ደግመን ጠይቀን ያገኘነው ነው። ያስረዳን ሰው እዚሁ አምቦ ፊዚክስ የሚያስተምር የአንድ አባላችን ልጅ ነው። ስሜ አይነሳ ስላለን «መምህሩ» እያልን እንቀጥላለን።

ባጃጁ የተገዛው ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና የውሃ በርሜሉን ከሐዘን ቤት ወደ ሐዘን ቤት እንዲያመላልስልን ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ነገር በየከተማው ተስፋፍቷል፤ እኛም ነዳጅ አይጠይቅም፣ ሰልፍ የለበትም ብለን ገዛን። አራት ወር በደንብ ሠራ። በሐምሌ ሁለት ቀብር በአንድ ቀን ሲገጥመን ግን ዳገቱን ሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ አንድ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ወረደ። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ጎማው ይዞራል፤ ጉልበት ግን የለውም። ድንኳኑን ጎረምሶች በትከሻቸው ተሸክመው እስኪያደርሱ የሟች ባለቤትና ልጆቻቸው ደጃፋቸው ላይ ዝናብ መታቸው። እድር የተቋቋመው ያ እንዳይሆን ነው። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተናገሩንም፤ እኛም እስካሁን ቀና ብለን አላየናቸውም።

መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ «ሽቦው ደህና ነው፤ የደከመው ማግኔቱ ነው» አለን። በአዲስ ሞተር ማግኔት አጠገብ ካቻቢቴውን ሲያቀርበው ከእጁ ነጥቆ ወሰደበት። በኛው ላይ ሲያቀርበው ግን ተለጠፈ እንጂ አልነጠቀም፤ ልጅም ቢሆን ያላቅቀዋል።

ሁለተኛው ወረቀት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመኪና ጎማ በናይትሮጅን የሚሞላ አንድ ጎሚስታ ወሬውን ሰምቶ መጣና «የደከመ ማግኔት ናይትሮጅን ሲጠጣ ይበረታል። በውጭ አገር እየተሠራበት ነው። ሞተራችሁን ስጡኝ፤ ከሲሊንደሩ ጋዝ ሞልቼ አሽጌ እመልስላችኋለሁ» አለ። የጠየቀው ዋጋ ከአዲስ ሞተር ያነሰ ስለሆነ ከኮሚቴው ውስጥ የተስማሙ ነበሩ። ወረቀቱ ተተየበ፤ ማኅተም ተመታበት፤ የቀረው የኛ ፊርማ ብቻ ነበር።

ሰውዬው ፈጽሞ ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ያስቸገረን ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ናይትሮጅን ሲገባበት ከደካማነት ወደ ብርቱነት የሚለወጥ የማግኔት ብረት በእርግጥ አለ። እኛም መምህሩ ዘንድ የሄድነው ሰውዬውን ልናጋልጥ ሳይሆን፣ እውነት ከሆነ ልንፈርም ነበር።

እንግዲህ ናይትሮጅን ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሰባ ስምንት እጁ እሱ ነው። ከጊንጪ የጤፍ ማሳ እስከ ባኮ የበቆሎ ማሳ ድረስ የሚበተነው ነጩ ማዳበሪያ ዩሪያ ከመቶ አርባ ስድስት እጁ ናይትሮጅን ነው። ታዲያ አየሩ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ገበሬው ለምን ተበድሮ ይገዛዋል? ብለን ጠየቅን። መልሱም፣ በአየር ላይ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ አጥብቆ ስለተያያዘ ጤፉ አላቅቆ ሊበላው አይችልም የሚል ነው። ባቄላና አተር የሚችሉት በሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት ጥንዱን ስለሚያላቅቁላቸው ነው። ባቄላ በበቀለበት መሬት ላይ በዓመቱ ስንዴው የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አባቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ሥራውን ያውቁት ነበር።

በማዳበሪያ ፋብሪካ ደግሞ ናይትሮጅኑ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያው ዩሪያ ይሠራል። እዚያ ውስጥ ጥንዱን የሚያላቅቀው ምን መሰላችሁ? ብረት ነው። በጀርመን አገር ሐበርና ቦሽ የተባሉት ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት ያቋቋሙት ሥራ እስከ ዛሬ የሚሄደው የጋለ ብረት የናይትሮጅንን ጥንድ ስለሚፈታ ነው። ስለዚህ ብረትና ናይትሮጅን የቆየ ትውውቅ አላቸው። ይህን ስንሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎሚስታው አሸነፈ ብለን ነበር።

አሁን ወደ ማግኔቱ እንለፍ። ብረት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ደቂቅ፣ አቶም የሚሉት፣ ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞሩ ብረቱ በሙሉ ማግኔት ይሆናል፤ ያም ያም ወደየፊናው ከዞረ ኃይላቸው እርስ በርሱ ይጣፋል። ሙቀት የሚያደርገው ይህንኑ መበተን ነው። ለያንዳንዱ ዓይነት ብረት ስምምነቱ ጨርሶ የሚፈርስበት የሙቀት ልክ አለ፤ በፈረንሳዊው ሊቅ በፒየር ኩሪ ስም የኩሪ ሙቀት ይሉታል። ተራ ብረት እስከ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይታገሣል።

ታዲያ ተራ ብረት እንዲህ ከጸና ለምን ከሱ ብቻ ማግኔት አይሠራም? ቢሉ፣ ብረት ጉልበት እንጂ ጽናት የለውም። ሚስማር በማግኔት ብታሹት መርፌ ያነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይረሳዋል። አቅጣጫውን የሚያስይዘው ሌላ ማዕድን ያስፈልጋል። መምህሩ ብዙ ቃል ሲፈልግ እኛ «እንደ ድንኳን ካስማ ነው?» አልነው፤ ነው አለ። ድንኳኑ ብረቱ ነው፤ ነፋስ እንዳይገለብጠው ወጥሮ የሚይዘው ካስማ ደግሞ ብርቅዬ የመሬት ማዕድናት ከሚባሉት ወገን ነው፤ ሳማሪየም፣ ኒዮዲሚየም የሚባሉት ማለት ነው።

መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተገኘው ጠንካራ ዓይነት ሳማሪየምን ከኮባልት ጋር ያጣመረ ነበር። ሙቀት ይችላል፤ ግን ኮባልት ውድ ነው፤ ብዙው የሚመጣውም ከዛየር፣ የዛሬዋ ኮንጎ ነበር። በ1978 በሻባ ግዛት ጦርነት ሲነሳ ዋጋው ስለናረ ሊቃውንቱ ፊታቸውን ወደ ርካሹ ብረት አዞሩ። በ1983 እና በ1984 በጃፓን ሳጋዋ፣ በአሜሪካ በጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ክሮት የተባሉ ሰዎች በየፊናቸው ኒዮዲሚየም፣ ብረትና ቦሮን የተዋሐዱበትን ማግኔት አወጡ። ዛሬ የዓለም ሞተር ሁሉ የሚሮጠው በዚህ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። ናዝሬት ስትሄዱ ተራራው ላይ ሲሽከረከሩ ከምታዩዋቸው የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 34ቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመሩት፣ በጎልድዊንድ ኩባንያ የተሠሩና በውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ያለባቸው ናቸው። የኛም ባጃጅ ማግኔት ከዚሁ ከኒዮዲሚየሙ ዘር ነው።

የዚህ ማግኔት ነውሩ ሙቀት ነው። ጨርሶ የሚሞተው በ312 ዲግሪ ቢሆንም ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ጀምሮ መድከም ይችላል። ተራ ያልሆነውም አለ፤ ዲስፕሮሲየም የሚባል ሌላ ብርቅዬ ማዕድን ከተጨመረበት እስከ 150፣ ከዚያም በላይ የሚችል ይሆናል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። የኛ የትኛው እንደነበረ እንግዲህ ሐምሌ መሰከረ።

አሁን ጎሚስታው የሰማው ነገር ጋ ደረስን። ሁለት እጅ ሳማሪየም ከአሥራ ሰባት እጅ ብረት ጋር ሲዋሐድ አንድ ቅይጥ ይሰጣል። ብረቱ ብዙ፣ ብርቅዬው ጥቂት ስለሆነ ርካሽ ነው። ሳማሪየሙም ሌሎቹ ማዕድናት ሲወጡ አብሮ የሚወጣና ብዙ ፈላጊ ያልነበረው ነው። ግን ለማግኔትነት አይሆንም ነበር፤ የኩሪ ሙቀቱ 116 ዲግሪ ብቻ ነው። አምቦ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንግዲህ ከፈላ ጀበና ጥቂት ከፍ ሲል የሚሞት ማግኔት ምን ይረባል?

ምክንያቱም የሚገርም ነው። በቅይጡ ውስጥ ብረቶቹ ተጠጋግተዋል፤ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ተጣበዋል። ብረትና ብረት እንዲስማሙ በመካከላቸው ልክ ያለው ርቀት ያስፈልጋል። በጣም ሲጣበቡ መስማማቱ ይቀርና አንዱ ለአንዱ ጀርባውን መስጠት ይቃጣዋል። በለቅሶ ቤት አምስት ሰው በሚይዝ አግዳሚ ላይ ስምንት ሲቀመጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ማይክል ኮኢና ሆንግ ሱን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ቅይጥ ፈጭተው በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ አጋሉት። በጃፓንም የአሳሂ ኬሚካል ሰዎች በዚያው ዘመን ገደማ ወደዚሁ ነገር ደርሰው ነበር። የጋለው ብረት የናይትሮጅኑን ጥንድ ይፈታል፤ የተፈታው ናይትሮጅን አንድ አንድ እያለ በቅይጡ ውስጥ በሳማሪየሙ ዙሪያ ባሉት ባዶ ቦታዎች ይገባል። ለሁለት ሳማሪየምና ለአሥራ ሰባት ብረት ሦስት ገደማ ናይትሮጅን ይገጥማል። ሲገባም ብረቱ ያብጣል፤ ይዘቱ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ይጨምራል። የተጣበቡት ብረቶች ጥቂት ይራራቃሉ፤ ስምምነታቸውም ይጸናል። የኩሪው ሙቀት ከ116 ተነስቶ ወደ 476 ዲግሪ ይደርሳል። አንድ አንቀጽ ሳይጨመር፣ የአየር ሽራፊ ብቻ ገብቶ!

ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ አስደግመነዋል። ስንሳሳት የኖርነው ቁጥር በመገልበጥ ስለሆነ።

ሌላም ለውጥ አለ፤ መምህሩ እንዳለው ይኼኛው ይበልጣል። ከናይትሮጅኑ በፊት የቅይጡ ትናንሽ ማግኔቶች መጋደም ነው የሚወዱት፤ እንደ ተዘረጋ ሸራ ወዲህም ወዲያም መዞር ይቀላቸዋል። ናይትሮጅኑ በሳማሪየሙ ዙሪያ ሲቀመጥ ግን ሳማሪየሙን አስገድዶ በአንድ ምሰሶ አቅጣጫ ያቆመዋል፤ ብረቱም አብሮ ይቆማል። ካስማው ተመታ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ኃይል አቅጣጫውን ሊያስለውጠው ቢፈልግ ብርቱ ትግል ይጠብቀዋል። የሌሎቹ ብርቅዬ ማዕድናት ቅይጦችም ናይትሮጅን ይጠጣሉ፤ ያብጣሉም፤ ሙቀት መቻላቸውም ይጨምራል። ለጠንካራ ማግኔትነት የበቃው ግን ሳማሪየሙ ነው። ኒዮዲሚየሙ በዚሁ ቅይጥ ውስጥ ናይትሮጅን ቢጠጣም እንደተጋደመ ይቀራል።

እኛ የአምቦ ሰዎች ጋዝ የጠጣ ነገር ማየት አልቸገረንም። የጠበላችን ውሃ ጋዙን ከምድር ውስጥ ጠጥቶ ይወጣል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ወይም ሲሞቅ ይተፋዋል። መምህሩን «እንዲህ ነው?» ብንለው ሳቀና ተቃራኒው ነው አለ። ውሃው ቀዝቅዞ ጠጥቶ ሲሞቅ ይተፋል፤ ብረቱ ግን ግሎ ጠጥቶ ሲቀዘቅዝ ይቆልፋል። በቀዝቃዛነቱ ናይትሮጅን በላዩ ቢነፍስበት ምንም አይገባውም። የሚገባው ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት ገደማ ነው። ከ600 ብዙ ካለፈ ደግሞ ቅይጡ ራሱ ይፈርሳል፤ ሳማሪየሙ ናይትሮጅኑን ይዞ ለብቻው ይሄዳል፤ ብረቱም ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። ተመልሶ አይታረቅም።

ይህ ጠባይ ብዙ ጣጣ አለው። ጠንካራ ማግኔት ሲሠራ እንደ ሸክላ ነው፤ ዱቄቱ ተጠፍጥፎ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል። ናይትሮጅን የጠጣው ግን እሳቱን ስለማይችል ሸክላ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ዱቄቱን በፕላስቲክ ወይም በዚንክ ያቦኩታል፤ በጭድ እንደተቦካ የጭቃ ቤት ማለት ነው። የጭቃ ቤት ቤት ነው፤ ግን ጭዱ የያዘውን ቦታ ጭቃ አልያዘውም። ፕላስቲኩ የያዘው ቦታም ማግኔት ስላልሆነ፣ በዚህ መንገድ የተሠራው ከተተኮሰው የኒዮዲሚየም ማግኔት በጉልበት ያንሳል። በጃፓን ሱሚቶሞ ሜታል ማይኒንግና ኒቺያ የሚባሉት ኩባንያዎች እየሠሩ ይሸጡታል፤ ለትናንሽ ሞተሮች ያገለግላል። ሳይተኮስ እንዴት ይጥበቅ የሚለው ጥያቄ ከ1990 ጀምሮ ብዙ ሊቃውንትን ሲያደክም ኖሯል።

እንግዲህ ፍርዱ እዚህ ላይ ነው። የኛ ማግኔት የሳማሪየሙ ቅይጥ አይደለም፤ ኒዮዲሚየም፣ ብረትና ቦሮን ነው። የዚህኛው ውስጡ ሌላ ነው፤ ናይትሮጅን ገብቶ የሚያበረታበት ባዶ ቦታ የለውም። አጋልተው ናይትሮጅን ቢያጠጡት ኒዮዲሚየሙ ናይትሮጅኑን ይዞ ይለያል፤ ማግኔቱ ይፈርሳል። የሳማሪየሙ ዓይነት እንኳ ቢሆን፣ ጋዙ ከላይ ወደ ውስጥ የሚሄደው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ቅይጡ አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ሲካፈል ጥቂቱን ያህል እስኪደርስ መፈጨት አለበት፤ የኛ ደግሞ የጣት ያህል ጠጣር ቁራጭ ነው። ደግሞስ 450 ዲግሪ ሞተሩ ውስጥ ከየት ይመጣል? ቢመጣ የማግኔቱ ሙጫ፣ የሽቦው ቫርኒሽ፣ ፕላስቲኩ ሁሉ ቀድሞ ይነዳል።

ከሁሉም ያሳፈረን ግን መምህሩ መጨረሻ ላይ የተናገረው ነው። «ጋሼ፣ ሞተራችሁ እኮ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ናይትሮጅን ውስጥ ነው የሚኖረው፤ አየሩ ከመቶ ሰባ ስምንቱ እሱ አይደለም ወይ?» አለን። ሰባ ስምንት እያልን በደብተራችን የጻፍነው እኛው ነን፤ ግን አላስተዋልነውም። ለጎማ ናይትሮጅን መሙላት ሥራው ነው፤ ሰውዬው በዚያ ሙያው ይቀጥል። ለማግኔታችን ግን ከሲሊንደር የወጣ ቀዝቃዛ ጋዝ በገንዘብ የተገዛ አየር ነው።

ያም ሆኖ በወሬ አልበቃንም። ከሞተሩ የተላቀቀች አንዲት የማግኔት ስባሪ ነበረች፤ ደክማም ሰባት መርፌ ታንጠለጥል ነበር። በዳኛውና በገንዘብ ያዡ ፊት በጉጠት ይዘን ከሰል ምድጃ ውስጥ ከተትናት፤ ጥቂት ጨሰች፤ ቀላች። አውጥተን አቀዘቀዝናት። አንድ መርፌ እንኳ አላነሳችም። ዳኛው መርፌውን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩ፤ አሁንም የለም። ወረቀቱን ያን ዕለት ማታ ሳንፈርም መለስነው።

አሁን የኛን ጥፋት እንናገር፤ ሳንናገረው ብንቀመጥ እናንተው ትናገሩታላችሁ። ባጃጁ ሲገዛ ያስገባነው የመጠየቂያ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አለ። ስለ ባትሪው ጠይቀናል፤ ስለ ፍጥነቱ ጠይቀናል፤ ስለ ቀለሙ ሳይቀር ጠይቀናል። ማግኔቱ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል ግን አንድ ቃል የለበትም። ሻጩ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሌላው ጭነቱ ነው። በዚያን ቀን ድንኳኑ፣ አሥራ ሁለቱ አግዳሚ፣ በርሜሉ ከነውሃው ተጭኖ ነበር፤ በዚያ ላይ ሦስት ጎረምሶች ከላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስማቸውን በቃለ ጉባኤው አላስገባንም። ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲጫንና በዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲጎተት ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሽቦው ይግላል፤ ነፋስም አያገኝም፤ ሙቀቱ ማግኔቱ ላይ ያርፋል። እንዲህ ዓይነት ባጃጅ ገዝተው ከጉደር ወደ ጌዶ የሚወጣውን ዳገት የሚያስቡ የሌላ ከተማ እድሮች ቢኖሩ ይህን ይስሙ።

የደከመ ማግኔት ካልፈረሰ በስተቀር እንደገና ኃይል ማስያዝ ይቻላል፤ ለዚህ ግን የፋብሪካ ትልቅ መሣሪያ ያስፈልጋል እንጂ ጋዝ አይደለም። ስለዚህ ኮሚቴው የተስማማው ሙቀት በሚችል ማግኔት የተሠራ ሞተር እንዲገዛ ነው። ዋጋው ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቻይና፣ ይህን ማዕድን በአብዛኛው የምታጣራው አገር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በሰባት ብርቅዬ ማዕድናት ወደ ውጭ መላክ ላይ ቁጥጥር አድርጋለች፤ ዲስፕሮሲየሙም ሳማሪየሙም ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ሳማሪየሙ ፈላጊ የለውም» ያልነው እንኳ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። ብርቅዬ ማዕድን ጨርሶ ሳይገባበት ብረትና ናይትሮጅን ብቻ የሆነ ማግኔትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በጃፓን ተነግሮለት፣ ዛሬ በአሜሪካ ሚኔሶታ ኒሮን የሚባል ኩባንያ ለገበያ ሊያበቃው ይሠራል። ብረቱ እኛም አገር፣ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይ አለ፤ አየሩም አለ። ይህን ስንል አንድ አባል «እንጀምረዋ!» ብለው አሳቁን። እኛ ግን ለአሁኑ የያዝነው የባጃጅ ሞተር ነው።

አዲሱ የመጠየቂያ ደብዳቤ ተጽፏል። በውስጡ አራት ጥያቄ አለ፤ የማግኔቱ ዘር ምንድነው? ሳይደክም የሚችለው ሙቀት ስንት ዲግሪ ነው? በስንት ኪሎ ጭነት? በምን ያህል ዳገት? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በማኅተም እንዲሆን ጠይቀናል። እስከ ዛሬ ሁለት ፕሮፎርማ ደርሶናል። አንደኛው አራቱንም መልሷል። ሁለተኛው ስለ ቀለሙ ብቻ በሰፊው ጽፏል። ሦስተኛው እስኪመጣ ድንኳኑ በአህያ ጋሪ ይመላለሳል፤ የጋሪው ኪራይ በገንዘብ ያዡ ሪፖርት ገጽ ሦስት ላይ ይገኛል።

ከሰል የገባችው ስባሪ ከመርፌዎቹ ጋር በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ አጠገቧ ከአሮጌው ሞተር የወጣች፣ እሳት ያልነካት አለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቢሮው ክፍት ስለሆነ፣ የተጠራጠረ ሁሉ መጥቶ ሁለቱንም በገዛ እጁ መሞከር ይችላል። ልጆች ይዛችሁ ኑ፤ መርፌውን ግን አስቀምጣችሁ ሂዱ።